ላስቲክ ወይስ ብሎን

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። ጋሼ ፊዚክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሐኪሟ የእህታቸው ልጅ ናት፤ ሥራዋ የጥርስ አሰላለፍ ማስተካከል ነው። የሚነጋገሩት ስለ ጋሼ የልጅ ልጅ ነው። ልጅቷ 15 ዓመቷ ነው፤ ከላይ ሁለት ጥርስ ተነቅሎላት ብሬስ ካደረገች ቆይታለች። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፦ እውነቱን ልንገርሽ፣ የመጣሁት ለጠብ ነው። ልጅቷ ላስቲኩን አላደርግም ስላለች አጥንቷ ውስጥ ብሎን ልታስገቢ ነው አሉኝ። ቆጣ ብሎ ማስደረግ አይሻልም?

ሐኪሟ፦ መጀመሪያ ይቀመጡ። ተቆጥተናታል እኮ! እናቷም ተቆጥታለች፣ እኔም። በቀን 22 ሰዓት አድርጊው ነው የምንላት፤ ስትበላና ጥርሷን ስትቦርሽ ብቻ ነው የምታወልቀው። ክፍል ውስጥ መልስ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ላስቲኩ ይታያል። አንድ ቀን ተፈትልኮ ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ ደብተር ላይ አረፈ አሉ። ከዚያ ወዲህ የምታደርገው ማታ ማታ ብቻ ነው። ሌሊት ትንሽ የሄደው ጥርስ ቀን ይመለሳል፤ እንዲህ ወዲያ ወዲህ ሲል ይላላል እንጂ የትም አይደርስ።

ጋሼ፦ ችግሩ ዲሲፕሊን ከሆነ መድኃኒቱም ዲሲፕሊን ነዋ።

ሐኪሟ፦ እዚህ ላይ ነው የምንለያየው። ብዙ ሰው ብሎኑ የመጣው ልጆች ስለማይታዘዙ ብቻ ይመስለዋል። እኔ የምልዎት ሌላ ነው። ይቺ ልጅ አንዲት ሰዓት ሳታጓድል ብታደርገው እንኳ ላስቲኩ የማንፈልገውን ሥራ ይሠራባታል። ይህን ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያስረዱታል፤ የኒውተን ጉዳይ ነው።

ጋሼ፦ ሦስተኛው ሕግ?

ሐኪሟ፦ ሦስተኛው ሕግ። ይኸው የልጅቷ የጥርስ ቅርጽ፣ በጄሶ የተሠራ። ከላይ በግራና በቀኝ አንዳንድ ትንሽ መንጋጋ ነቅለንላታል፤ ባዶው ቦታ በየጎኑ 7 ሚሊሜትር ያህል ነው። ዓላማችን የፊቶቹን ስድስት ጥርሶች ወደ ኋላ ስበን ይህን ቦታ መዝጋት ነው፤ ያን ጊዜ ከንፈሯ ሳትታገል ይገጥምላታል። ታዲያ የምንስበው ከኋላ ያለውን ትልቁን መንጋጋ ተደግፈን ከሆነ...

ጋሼ፦ መንጋጋውም ወደ ፊት ይሳባል።

ሐኪሟ፦ ይሳባል እንጂ! ሥሩ ብዙ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ግን ይመጣል። ብዙ ጊዜ የቦታውን ሲሶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በልቶ ይመጣል። መንጋጋው የበላውን ያህል የፊት ጥርሱ ሳይገባ ይቀራል። ልጅቷ ሁለት ደህና ጥርስ ያስነቀለችው ገጣጣነቷ እንዲቀር እንጂ መንጋጋዋ እንዲሸሽ አይደለም።

ጋሼ፦ ገባኝ። ገመድ ጉተታ ነው፤ ሁለቱም ወገን የቆመው እርጥብ ሣር ላይ ነው። ከበድ ያለው ትንሽ፣ ቀለል ያለው ብዙ ይንሸራተታል፤ ሳይነቃነቅ የሚቀር ግን የለም።

ሐኪሟ፦ እንዲያ ነው። ስለዚህ በእኛ ሙያ የመጀመሪያው ጥያቄ የትኛው ጥርስ ይንቀሳቀስ የሚለው አይደለም። የትኛው ከቦታው አይነቃነቅ? ለዚያስ ድጋፉ ምንድን ነው? የሚለው ነው። ላስቲኩም የመጣው ለዚሁ ነበር። ከላይ ክራንቻው ጋ ይሰካል፣ ከታች ደግሞ ትልቁ መንጋጋ ላይ፤ የላይኛውን ለመሳብ የታችኛውን መንጋጭላ መደገፍ ነው። ብልሃቱ የቆየ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሔንሪ ቤከርና ካልቪን ኬዝ ተጠቅመውበታል፤ ማን ቀደመ የሚለውም ብዙ አጨቃጭቋል። የዚህ ሙያ አባት የሚባለው ኤድዋርድ አንግል ለቤከር ሰጥቶት በስሙ ጠራው።

ጋሼ፦ እስቲ ወረቀት አቀብይኝ። (እስክሪብቶ ከኪሳቸው አወጡ።) ላስቲኩ ከላይ ከፊት ተነሥቶ ወደ ታችና ወደ ኋላ ያዘመመ ነው። አፏ ሲዘጋ ከአግድሙ ጋር 20 ዲግሪ ይሠራል እንበል። ኃይሉ ስንት ነው?

ሐኪሟ፦ በየጎኑ 200 ግራም ያህል።

ጋሼ፦ ኃይል በግራም አይለካም።

ሐኪሟ፦ እኛ በግራም ነው የምንለካው፣ ይተዉኝ።

ጋሼ፦ 2 ኒውተን ገደማ በይኝ። ይሁን፣ ለአንቺ ስል በግራም ልሥራው። የ20 ዲግሪ ሳይን 0.34 ነው። ከ200 ግራሙ 188ቱ ወደ ኋላ ይስባል፤ 68ቱ ደግሞ ወደ ታች። አፏን ከፍታ ማዕዘኑ 45 ከደረሰ ወደ ኋላውና ወደ ታቹ እኩል ይሆናሉ። ላስቲኩም ስለሚለጠጥ ኃይሉ ራሱ ይጨምራል። ይህ ወደ ታች የሚጎትተው ምን ያደርግልሻል?

ሐኪሟ፦ ምንም አያደርግልኝም፤ ጠላቴ እሱ ነው። የላይኞቹን የፊት ጥርሶች ቁልቁል ያወርዳል፣ የታችኞቹን መንጋጎች ደግሞ ሽቅብ ያወጣል። መንጋጋ ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር አፍ በደንብ አይከደንም፤ አገጭ ወደ ታችና ወደ ኋላ ይዞራል። ፊቱ አጠር ላለ ሰው ይህ ሊጠቅመውም ይችላል። የልጅቷ ፊት ግን ረዘም ያለ ነው፤ ስትስቅም ድዷ ይታያል። ላስቲኩን በደንብ ካደረገች ድዷ ከአሁኑ በባሰ ይታያል። የታች የፊት ጥርሶቿም ወደ ውጭ ያጋድላሉ። ይህ ሁሉ የሚደርሰው እንግዲህ በታዛዧ ላይ ነው።

ጋሼ፦ የምትቀጫት በመታዘዟ ነው ማለት ነዋ።

ሐኪሟ፦ ምን ልበልዎት! ሰነፏ በከንቱ ትደክማለች፣ ጎበዟ ደግሞ ያልታዘዘላትን ታገኛለች። በዚያ ላይ ላስቲኩ ራሱ አይታመንም። ብዙውን ጊዜ የተፈጥሮ ጎማ ነው፤ ምራቅ ውስጥ በገባ በሰዓታት ውስጥ ከኃይሉ ይቀንሳል። በየቀኑ በአዲስ ቀይሩ የምንለው ለዚህ ነው። ለጎማ አለርጂ ላለባቸው ደግሞ ሌላ ዓይነት መፈለግ አለብን። አንዱ አምራች መጠኖቹን እንዳይረሱ በየፓኬቱ ላይ የእንስሳ ሥዕል ያትምባቸዋል። ልጆቹ መጥተው «ቀበሮው አልቆብኛል» ሲሉኝ ደስ ይለኛል፤ ቢያንስ እየተጠቀሙበት ነው ማለት ነው።

ጋሼ፦ በይ ወደ ብሎኑ ግቢ። ይህን ደግሞ ማን አመጣው?

ሐኪሟ፦ ሐሳቡ ከእኔ በፊት፣ ከእርስዎም ጡረታ በፊት ነበረ። በ1945 ጌይንስፎርዝና ሂግሊ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ቪታሊየም ከሚባል ቅይጥ ብረት የተሠራ ብሎን በውሾች መንጋጭላ ውስጥ አስገብተው ጥርስ ለመሳብ ሞከሩ። ጥርሱ መንቀሳቀሱንስ ተንቀሳቅሶ ነበር፤ ብሎኖቹ ግን በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ሁሉም ወለቁ። ነገሩ ለዐሥርተ ዓመታት ተረሳ። በመካከሉ ስዊድን ውስጥ ብሮነማርክ ቲታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚዋሐድ ደረሰበት፤ በ1965 ለመጀመሪያው ታካሚ የጥርስ ኢምፕላንት አስገባ። የእኛ ሰዎችም ያን ጊዜ ነቁ። በ1983 ክሪክሞርና ኤክሉንድ አንዲት ብሎን ከአፍንጫ ሥር አስገብተው፣ ከመጠን በላይ ወደ ታች የወረዱ የላይ የፊት ጥርሶችን በአንድ ዓመት ውስጥ 6 ሚሊሜትር ያህል ወደ ላይ አወጡ። በ1997 ካኖሚ የሚባል ጃፓናዊ 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 6 ሚሊሜትር ርዝመት ያላትን ብሎን ይዞ ብቅ አለ። ከዚያ ወዲህ ነው በጥርስ ሥሮች መካከል መግባት የቻለችው። ኮሪያውያን ደግሞ ተቀብለው የየቀን ሥራ አደረጓት።

ጋሼ፦ የጥርስ ኢምፕላንት ከሚሉት ጋር አንድ ናት?

ሐኪሟ፦ ዘመድ ናት እንጂ አንድ አይደለችም። ኢምፕላንት እንዲቀር ነው የሚገባው፤ ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሐድ ወራት እንጠብቃለን። ይቺ የምትወጣ ናት። የያዛት ጥርሷ ነው፣ የብሎኗን ጥርስ ማለቴ ነው። ስለዚህ በገባችበት ቀን ሥራ ልንሰጣት እንችላለን። ሥራዋን ስትጨርስ ወደ ኋላ አዙሮ ማውጣት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ማደንዘዣ እንኳ አይፈልግም፤ ቀዳዳው በራሱ ይደፈናል። ይያዟት እስቲ።

ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ብሎኗን መዳፋቸው ላይ አስቀመጡ። ውፍረቷ 1.5፣ ርዝመቷ 8 ሚሊሜትር ነው። ጫፏ ሹል ነው፤ አንገቷ ድዱን እንዳይቆጣ ለስልሷል፤ ራሷ ላይ ሽቦ ወይም ሞላ የሚጠለፍባት ጎድጎድ አላት።

ጋሼ፦ ይቺ ናት? እኔ የቤት በር ማጠፊያ ላይ ያለውን ዓይነት ነበር ያሰብኩት።

ሐኪሟ፦ ሰው ብሎን ሲባል የሚያስበው እሱን ነው። የምትገባው ከላይ፣ በሁለተኛው ትንሽ መንጋጋና በመጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ ሥሮች መካከል ነው። በሁለቱ ሥሮች መካከል ያለው አጥንት ሚሊሜትሮች ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ በራጅ እናያለን። ጥቂት ማደንዘዣ፣ ከዚያ በእጅ በሚዞር ትንሽ መፍቻ ቀስ እያሉ ማስገባት። ልጅቷ ግፊት ይሰማታል፤ ሕመም ከተሰማት ወደ ሥር ተጠግቼ ይሆናልና ቆሜ አቅጣጫ እቀይራለሁ። ማደንዘዣው ጥቂት የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ሥሩ ራሱ እንዲነግረኝ።

ጋሼ፦ አሁን ሥዕሉን ልሥራው። ብሎኗ ጥርሱ ላይ ከተለጠፈው ብራኬት ከፍ ብላ፣ ወደ ኋላ ገባ ብላ ነው የምትቀመጠው። እንግዲህ ከፊት ጥርሶቹ ጋር የሚያገናኛት ሞላ ሲስብ አቅጣጫው ወደ ኋላና ወደ... ላይ ነው!

ሐኪሟ፦ አገኙት። ላስቲኩ ቁልቁል ይጎትት የነበረውን ብሎኗ ሽቅብ ትስበዋለች። ድዷ ለሚታይ ልጅ የሚፈለገው ይኸው ነው። የታች ጥርሶቿ ደግሞ ከነገሩ ወጡ፤ ማንም አይነካቸውም። ሌላም አለ። ጥርስ በአጥንት ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ አክሊሉን ብቻ ከሳብነው ያጋድላል። የፊት ሽቦው ላይ ወደ ላይ የቆመ መንጠቆ ብንሠራና ሞላውን እዚያ ብናስር ግን የኃይሉ መስመር ሥሩ አጠገብ ያልፋል፤ ጥርሱ ሳያጋድል ከነሥሩ ይሄዳል። የመንጠቆው ቁመት በ2 እና በ3 ሚሊሜትር ሲለያይ ውጤቱ ይለያያል። ሥራዬን የምወደው እዚህ ላይ ነው።

ጋሼ፦ ተማሪ በነበርሽ ጊዜ ይህን ያህል ብትወጂው ኖሮ!

ሐኪሟ፦ ያኔ ፊዚክሱ ጥርስ አልነበረውማ።

ጋሼ፦ እሺ። አሁን የምትደብቂኝን ንገሪኝ። ብሎኗ አትነቃነቅም ብለሽ ልትምይልኝ ትችያለሽ?

ሐኪሟ፦ አልምልም። በ2012 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ግምገማ 13.5 በመቶዎቹ ብሎኖች ሥራቸውን ሳይጨርሱ እንደሚላሉ አግኝቷል። ከሰባት አንዷ ገደማ ማለት ነው። የታይዋን ሐኪሞችም በ2004 እንዳሳዩት፣ ሳትወልቅ የቆየችውም ብትሆን አንዳንድ ታካሚ ላይ እስከ 1.5 ሚሊሜትር ታጋድላለች። ስለዚህ ፍጹም የማይነቃነቅ ድጋፍ ነው የሚለውን ማስታወቂያ አልወደውም። በጣም ጠንካራ ድጋፍ ነው፤ በቃ።

ጋሼ፦ የምትላላው በምንድን ነው?

ሐኪሟ፦ ብዙ ነገር አለው። አጥንቱ ስስ ከሆነ፣ ወደ ሥር ከተጠጋች፣ አካባቢዋ ካልጸዳና ድዱ ካበጠ፣ ሰውየው ካጨሰ። በታችኛው መንጋጭላ ከላይኛው ይልቅ ትላላለች፤ ሰዎች አጥንቱ ጠንካራ ነውና ይሻላል ብለው ያስባሉ፤ ነገር ግን ስትገባ ትጨናነቃለች፣ ትሞቃለች፣ ዙሪያዋ ያለው አጥንት ይጎዳል። ላንቃ ላይ ግን በደንብ ትቆማለች። በጣም ትንሽ ልጅ ላይ እኔ አላደርግም፤ አጥንቱ ገና ለጋ ነው። ስትላላ ደግሞ ጉዳቱ ትልቅ አይደለም፤ ይወጣል፣ ትንሽ ተጠብቆ ሌላ ቦታ ይገባል። ግን ልጅቷ በጣትና በምላስ እንዳትነካካት፣ በለስላሳ ብሩሽ ዙሪያዋን እንድታጸዳ፣ ከቀላ ወይም ከተነቃነቀች እንድትመጣ እነግራታለሁ።

ጋሼ፦ ስለዚህ ዲሲፕሊኑ ሙሉ በሙሉ አልቀረም።

ሐኪሟ፦ አልቀረም። ከ22 ሰዓት ወደ ጥቂት ደቂቃ ወርዷል።

ጋሼ፦ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ወንጂ ሳስተምር ብዙ ተማሪዎቼ ጥርሳቸው ቡናማ ነበር፤ ከውሃው ፍሎራይድ የተነሣ። ብራኬት የሚሉት እንደዚያ ያለ ጥርስ ላይ ይይዛል?

ሐኪሟ፦ ይይዛል፣ ግን ቶሎ ይላቀቃል። የስምጥ ሸለቆ ልጆች ሲመጡብኝ ብራኬት መልሶ መለጠፍ የዘወትር ሥራዬ ነው። ላስቲክ ቀኑን ሙሉ የሚጎትተው ያንኑ ብራኬት ነው፤ መንጠቆ ያለበት ሲላቀቅ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ብሎኗ ጥርሱ ላይ ስላልተለጠፈች የድጋፉ ወገን አይላቀቅም። የሚሳበው ጥርስ ግን አሁንም ብራኬት ይፈልጋል፤ እዚያ ላይ ብሎኗ አታድነኝም።

ጋሼ፦ ገንዘቡስ? ላስቲክ በሳንቲም ነው። ይቺ ከባሕር ማዶ ነው የምትመጣው።

ሐኪሟ፦ ልክ ነዎት፤ ክፍያውም ይጨምራል። ለዚህም ነው ለሁሉም የማላደርገው። ሐኪም ሁሉ አዲስ መሣሪያ ሲገዛ ለመጣው ሰው ሁሉ ሊያስገባ ይቃጣዋል፤ እኔንም ቃጥቶኛል። የላይና የታች ጥርስ ትንሽ ብቻ ካልተጋጠመ፣ ፊቱም አጠር ያለ ከሆነ፣ ታካሚውም ትልቅ ሰው ሆኖ የሚታመን ከሆነ ላስቲክ ከበቂ በላይ ነው። የጥርስ ሥር የሚጠጋ ነገር አጥንት ውስጥ ከማስገባታችን በፊት ያንን መሞከር ግዴታችን ነው። ለነገሩ ሁለቱ ባላንጣ አይደሉም። ቤልጂግ ውስጥ ደ ክለርክ የሚባለው ሐኪም የላይኛው መንጋጭላቸው ወደ ኋላ በቀረ ልጆች አጥንት ላይ ትናንሽ ሰሌዳዎች አስሮ፣ ሰሌዳዎቹን የሚያገናኘው በላስቲክ ነው። የሚሳበው ጥርስ አይደለም፤ አጥንቱ ራሱ ነው። እዚያም ላስቲኩን ቀን ከሌት የሚያደርገው ልጁ ነው።

ጋሼ፦ እንግዲያው ብልሃቱ ላስቲኩ ላይ ሳይሆን የታሰረበት ላይ ነው። ሰው ወደ ሐኪም ሲሄድ ላስቲክ ነው ወይስ ብሎን ብሎ ከሚጠይቅ፣ የትኛው ጥርስ እንዳይነቃነቅ ነው የምትፈልጉት? በምንስ ልትይዙት ነው? ቢል ይሻላል።

ሐኪሟ፦ ይህን የጠየቀኝ ወላጅ እስካሁን የለም። ቢጠይቁኝ ደስ ይለኛል። መመለስ የማይችል ሐኪም ካለ ደግሞ ብሬሱን ከመለጠፉ በፊት ይታወቅበት።

ጋሼ፦ አንድ ነገር ቀረኝ። ቦታ ሁሉ የግድ ይዘጋ? አያቷ እኮ ፍንጭት ነበረች፤ እኔም ያገባኋት በዚያው ፍንጭቷ ነው።

ሐኪሟ፦ (ሳቀች።) ፍንጭቴን አትንኩብኝ የሚሉ ይመጣሉ፤ አልነካም። ግን ከፊት የሚተወው ቦታ ከሚሳበው ላይ ነው የሚቀነሰው። ይቺ ልጅ የምትፈልገው ከንፈሯ እንዲገጥም ነው።

ጋሼ፦ የምትፈልገውን ማን ጠየቃት? እኔና አንቺ ነን ስናወራ ያረፈድነው።

ሐኪሟ፦ ጠይቄያታለሁ። ብሎኗን እጇ ላይ አስቀምጬ አሳየኋት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስስቅ ትታያለች ወይ ብላ ነው። ከጉንጭ ኋላ ስለሆነች አትታይም አልኳት። ቀጥላ ያማል ወይ አለች፤ የነቀልንላት ቀን ከተሰማት ያነሰ እንደሚሆን ነገርኳት። ከወለቀችስ? አለች፤ ለእርስዎ እንደነገርኩት ነገርኳት። ፈተናዬ ካለቀ በኋላ ይሁን አለችኝ። እኔም የእሷን ቀጠሮ ያዝኩ፣ የእናቷን አይደለም።

ጋሼ፦ እኔ እንግዲህ ምን ቀረኝ?

ሐኪሟ፦ ሂሳቡ። ከላይ በግራና በቀኝ አንዳንድ ብሎን ይገባላታል፤ ከዚያም በየጎኑ ከ150 እስከ 200 ግራም በሚስብ ሞላ ከፊት ጥርሶቹ ጋር እናያይዘዋለን።

ጋሼ፦ ከ1.5 እስከ 2 ኒውተን።

ሐኪሟ፦ ይሁንልዎት፣ ኒውተን። ቦታው ሁሉ ነገር ከሰመረ በወር 1 ሚሊሜትር ያህል ይዘጋል። ስለዚህ ሰባት ስምንት ወር ይቁጠሩ፤ አንዷ ከላላች ደግሞ ጥቂት ይጨምሩበት። ቦታው ሲዘጋ ብሎኖቹ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ የላይና የታች መንጋጋዎቿ በደንብ እንዲነካኩ ለጥቂት ሳምንታት ላስቲክ ታደርጋለች። ለእሱ ብሎን አያስፈልግም፤ ላስቲኩ ይበቃል።